ኩፍኝ የያዘውን ተማሪ ልጅ እንዴት እናስታምም?

ልጅን ኩፍኝ ሲይዘው የቤተሰቡ ዓይን የሚያርፈው ሽፍታው ላይ ነው። «ወጣለት»፣ «ገና አልወጣለትም»፣ «ወደ ውስጥ ተመለሰበት» እየተባለ ቀኑ ያልፋል። ልጅን ለሞት ወይም ለዓይነ ስውርነት የሚያበቃው ግን ሽፍታው ከታየ በኋላ ባሉት ቀናት ተደርቦ የሚመጣው ነው፤ የሳንባ ምች፣ ተቅማጥ፣ የአፍ ቁስልና የቫይታሚን ኤ መሟጠጥ። ሽፍታው በራሱ ጊዜ ወጥቶ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ከእናንተ የሚፈለገው ትንፋሹን፣ ዓይኑን፣ አፉንና የሚጠጣውን መጠበቅ ነው። ይህ ጽሑፍ ጎንደር ከተማና ዙሪያዋ ላሉ ወላጆችና መምህራን የተዘጋጀ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ትኩሳት ከተሰማበት ሰዓት ተነስቶ ልጁ ክፍል እስኪመለስ ድረስ ያለውን በቅደም ተከተል ያሳያል።

በእርግጥ ኩፍኝ ነው?

በየቤቱ ልጅ ላይ የወጣ ሽፍታ ሁሉ ኩፍኝ ይባላል። ኩፍኙን ራሱን ደግሞ አንከሊስ የሚሉ አሉ። ስሙ ሲደባለቅ እርዳታውም ይደባለቃልና ቀድማችሁ ምልክቱን ለዩ።

ኩፍኝ በሽፍታ አይጀምርም። በመጀመሪያ ኃይለኛ ትኩሳት ይመጣል፤ እስከ 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። አብሮት ደረቅ ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት አለ። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ጊዜ አቧራው ሁሉንም ሰው ስለሚያስለው፣ ይህ የመጀመሪያ ደረጃ በቀላሉ «ጉንፋን ነው» ተብሎ ይታለፋል። ልዩነቱን ዓይኑ ላይ ፈልጉ። ኩፍኝ ሊወጣበት ያለ ልጅ ዓይኑ ይቀላል፣ ያለቅሳል፣ ብርሃን ሲያይ ይጨፍናል፤ በሩ ሲከፈት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

በዚህ ጊዜ አፉን አስከፍቱትና በስልካችሁ ባትሪ የጉንጩን የውስጥ ገጽ፣ ከመንጋጋ ጥርሶቹ ትይዩ ያለውን ቦታ ተመልከቱ። በቀላ ሥጋ ላይ የተበተነ ደቃቅ ጨው የሚመስሉ ነጫጭ ነጥቦች ካሉ ኩፍኝ ነው ለማለት ትልቅ ምክንያት አላችሁ። ነጥቦቹ ሽፍታው ከመውጣቱ 1 ወይም 2 ቀን በፊት ታይተው ቶሎ ስለሚጠፉ፣ አለመኖራቸው ኩፍኝ አለመሆኑን አያረጋግጥም።

ሽፍታው የሚወጣው ሕመሙ በጀመረ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ነው። መነሻው ግንባር ላይ ከፀጉሩ ሥርና ከጆሮው ጀርባ ነው። ከዚያ ፊቱን ይሸፍናል፣ ወደ አንገት፣ ደረትና ጀርባ ይወርዳል፣ በ3ኛው ቀን ገደማ እግሩ ጋ ይደርሳል። ይህ ከላይ ወደ ታች የመውረድ ቅደም ተከተል ከሌሎች ሽፍታዎች ለመለየት በጣም ይረዳል። የመጻሕፍት ሥዕሎች ላይ ሽፍታው ደማቅ ቀይ ሆኖ ስለሚታይ ብዙ ወላጅ ይሳሳታል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ከቆዳው ጠቆር ያለ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበለ ሆኖ ነው የሚታየው፤ አንዳንዴም በዓይን አይለይም። ልጁን ወደ በሩ ብርሃን አቅርቡና በእጃችሁ ጀርባ ግንባሩንና ደረቱን ዳብሱ። አሸዋ የተበተነበት ጨርቅ እንደመንካት ይሻክራል።

የሚመሳሰሉትን በአጭሩ እንለይ። ጉድፍ ውኃ የቋጠረ ፊኛ ያወጣል፤ በአንድ ጊዜ አዲስ ፊኛ፣ የፈነዳና የደረቀ ቅርፊት ጎን ለጎን ይታያሉ፣ በጣም ያሳክካል። እከክ በጣቶች መካከልና በብብት አካባቢ ሆኖ ሌሊት ያሳክካል እንጂ ትኩሳት የለውም። ሩቤላ የሚባለው ሌላ የቫይረስ ሽፍታ ከኩፍኝ ቀለል ያለ ነው፣ ከጆሮ ጀርባና ከአንገት ኋላ ያሉ እጢዎችን ያሳብጣል፤ ለነፍሰ ጡር ግን አደገኛ ነው። አዲስ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ሽፍታ የወጣበት ልጅ ካለ መድኃኒቱን ይዛችሁ ወደ ጤና ባለሙያ ሂዱ። ለመለየት ከተቸገራችሁ ደግሞ ደንቡ ቀላል ነው፦ ትኩሳትና መላ ሰውነት ላይ የወጣ ሽፍታ ኖሮ ከሳል፣ ከንፍጥ ወይም ከዓይን መቅላት አንዱ እንኳ ከተጨመረ፣ ሌላ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ኩፍኝ ነው ብላችሁ ተንቀሳቀሱ።

ሽፍታው የታየበትን ቀን ወዲያው ጻፉ፤ በክትባት ካርዱ ጀርባ ወይም ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ። ከዚህ በኋላ ያለው ቆጠራ ሁሉ በዚህ ቀን ላይ ይቆማል። ልጁ በሽታውን የሚያስተላልፈው ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከወጣ በኋላም እስከ 4 ቀን ነው። ሽፍታው ሰኞ ከታየ፣ ልጁ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ሲያስተላልፍ ቆይቷል፤ እስከ አርብም ያስተላልፋል።

ሽፍታው በታየ ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት

«ይውጣለትና እንወስደዋለን» ማለት ብዙ ልጅ ያስጎዳ ልማድ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚወሰድበት ምክንያት ሦስት ነው። ቫይታሚን ኤ ይወስዳል፣ ክብደቱ ተመዝኖ መድኃኒቱ በልኩ ይታዘዝለታል፣ ሕመሙም ይመዘገባል።

የክትባት ካርዱንና የጤና መድን ደብተሩን ያዙ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ኩፍኝ በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላም እስከ 2 ሰዓት ድረስ አየሩ ላይ ይቆያል። ካልተከተቡና ቀድሞ ካልታመሙ 10 ሰዎች መካከል እስከ 9ኙን ይይዛል። የጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ደግሞ ጨቅላ ያቀፉ፣ ለክትባት የመጡ እናቶች ተቀምጠዋል። ስለዚህ አንዳችሁ ከልጁ ጋር ግቢው ውስጥ፣ አየር ባለበት ጥላ ሥር ቆዩ። ሌላችሁ ካርድ ክፍል ሳትሰለፉ በቀጥታ ተረኛዋን ነርስ «ሽፍታና ትኩሳት ያለው ልጅ ይዘናል፣ በየት እንግባ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባጃጅ የምትይዙ ከሆነ ሌላ ሰው ሳትጭኑ ኮንትራት ያዙና የጎን መሸፈኛውን ክፈቱት። ለልጁ ማስክ ማድረግ ይጠቅማል፤ መተንፈስ ካስቸገረው ግን አታስገድዱት።

ባለሙያው ከክንዱ ጥቂት ደም ሊወስድ ይችላል። ደሙ ኩፍኝ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ላቦራቶሪ የሚላክ ነው። ኩፍኝ በአገራችን ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ስለሆነ፣ የእናንተ ልጅ መመዝገብ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ክትባት ሊያመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ መርፌ አንድ ነገር መባል አለበት። «ኩፍኝ የያዘው ልጅ መርፌ ከነካው ይሞታል» የሚለው እምነት በዙሪያችን ሥር የሰደደ ነው። ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በድሮ ጊዜ ልጅ ወደ ሕክምና የሚወሰደው ከደከመ፣ ትንፋሹም ካጠረ በኋላ ነበር። የሳንባ ምቹ ከጠና በኋላ መርፌ ይወጋል፣ ያርፋል፤ የሚታወሰውም የመጨረሻው ነገር፣ መርፌው ሆነ። የገደለው መዘግየቱ ነበር። ባለሙያ መርፌ ካዘዘ አትከልክሉ።

ቫይታሚን ኤ፦ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ቀን

በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ። ኩፍኝ በልጁ ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመውን ቫይታሚን ኤ ያሟጥጣል። ይህ ቫይታሚን የዓይንን ብሌን፣ የመተንፈሻ ቱቦንና የአንጀትን የውስጥ ሽፋን የሚጠብቅ ነው። ሲያልቅ ብሌኑ ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ይፈሳል። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሁሉ፣ የበላው የጠጣው የሚመስለውም ጭምር፣ ሊወስደው ይገባል።

መጠኑ በዕድሜ ነው። 1 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ልጅ በአንድ ጊዜ 200,000 ዩኒት፣ ከ6 እስከ 11 ወር ያለው 100,000፣ ከ6 ወር በታች ያለው 50,000 ይወስዳል። ያው መጠን በማግስቱ ይደገማል። መርፌ አይደለም፤ ለስላሳ እንክብል ነው። ባለሙያዋ የእንክብሉን ጫፍ በመቀስ ቆርጣ ዘይቱን ልጁ አፍ ውስጥ ጠብ ታደርገዋለች፤ ልጁ ቅርፊቱን እንዲውጥ አይጠበቅም።

ነገሩ የሚበላሸው በሁለተኛው ቀን ነው። ልጁ ትንሽ ቀለል ሲለው «ደህና ነው፣ ለምን እንመለሳለን» ይባላል። ከመውጣታችሁ በፊት ለሁለተኛው መጠን ነገ መመለስ አለባችሁ ወይስ እንክብሉን ቤት ወስዳችሁ ነገ ራሳችሁ ትሰጡታላችሁ፣ በግልጽ ጠይቁ። ዓይኑ ላይ የመድረቅ ወይም የመደብዘዝ ምልክት የታየበት ልጅ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ሦስተኛ መጠን ያስፈልገዋል። በቅርቡ በዘመቻ ወስዶ ከሆነ ንገሯቸው። ከፋርማሲ ገዝቶ በራስ ፈቃድ መደጋገም ግን ጉበትን ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ደግሞ ከዚህ እንክብል ጨርሶ አትቅመስ።

የሚተኛበት ክፍል

ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ጨለማ ክፍል ውስጥ መዝጋት፣ በጋቢ መጠቅለል፣ ሽታና ፀሐይ እንዳያገኘው መከለል የኖረ ልማድ ነው። ብርሃን ዓይኑን ስለሚያመው ጠንካራ ብርሃን መቀነሱ ትክክል ነው፤ የልማዱ ደግ ጎን ይኼ ነው። ችግሩ ጨለማው እናንተንም መጋረዱ ነው። የደረቱን መሰርጎድ፣ የከንፈሩን መጥቆር፣ የብሌኑን መደብዘዝ በጨለማ ማንም አያይም። ስለዚህ መጋረጃ ብቻ ሸፍኑ፣ መስኮቱን ክፈቱ፤ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ መጋረጃውን ገልጣችሁ ልጁን በደንብ እዩት። ክፍሉ ውስጥ ከሰል አታጭሱ፣ ዕጣንም ለጊዜው ይቆይ። ጭሱ የቆሰለ መተንፈሻውን ይፈጀዋል። የቡናው ሥነ ሥርዓት በረንዳ ላይ ይሁን።

የጎንደር ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ አንድ ብርድ ልብስ በቂ ነው። ላብ እስኪያጠምቀው መደራረብ ትኩሳቱን ይጨምራል እንጂ ሽፍታውን «አያወጣም»። ገላውን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ ይቻላል። «ውኃ ከነካው ወደ ውስጥ ይገባል» የሚባለው እውነት አይደለም።

ጎረቤት ሊጠይቅ ይመጣል፤ ደግ ባህል ነው። ጨቅላ ያዘለች፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ያልተከተበ ልጅ ያስከተለች እናት ግን በሩ ላይ ሆና ትጠይቅ። አስታማሚው አንድ ሰው ይሁን፤ ድሮ ኩፍኝ ያመመው ወይም ሁለቴ የተከተበ።

ትኩሳት

ለትኩሳት የሚሰጠው ፓራሲታሞል ነው። ልኩ በክብደት ነው፦ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። 20 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ኪኒን ግማሹ 250 ሚሊ ግራም ስለሆነ ይበቃዋል። ሽሮፕ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም» የሚል ከሆነ ለዚሁ ልጅ 10 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሽሮፖች ሁሉ አንድ ዓይነት ክምችት የላቸውም፤ «ባለፈው አንድ ማንኪያ ነበር» እያሉ መስጠት ወይ ያንሳል ወይ ይበዛል። የወጥ ማንኪያ አትጠቀሙ፣ አብሮት በመጣው መለኪያ ለኩ። የሰጣችሁበትን ሰዓት ጻፉ፤ እናት ሰጥታ አባት የሚደግመው ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

አስፒሪን ለልጅ አይሰጥም፤ በቫይረስ ሕመም ላይ ጉበትንና አንጎልን የሚያጠቃ አደገኛ ችግር ሊያስከትል ይችላል። ካለፈው ሕመም የተረፈ አሞክሳሲሊንም አታስጀምሩት። ኩፍኝ ቫይረስ ነውና አንቲባዮቲክ አይገድለውም። ባለሙያ የሳንባ ምች ወይም የጆሮ ሕመም አይቶ ካዘዘ ግን እስከ መጨረሻው ይወሰዳል። በነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈ አረቄ ለልጅ መስጠት፣ በዚህ ሕመም ጊዜ እንጥል ማስቆረጥ፣ ሁለቱም ጨርሶ መደረግ የለባቸውም። ደክሞ የተኛ ልጅ አረቄ ሲሰጠው አንጎሉ ይጨልማል፣ ስኳሩ ይወርዳል፤ የተቆረጠ እንጥል ደግሞ ይደማል፣ ይመረቅዛል።

ሽፍታው በወጣ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ትኩሳቱ መውረድ ይጀምራል። ካልወረደ፣ ወይም ወርዶ እንደገና ከተነሳ፣ ሌላ ነገር ተደርቦበታል ማለት ነውና በዚያው ቀን መልሳችሁ ውሰዱት።

መጠጥና ምግብ

ውኃ ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ በጀሪካን የሰነበተ ውኃ ከሆነማ ሳይፈላ አይሰጥ። ተቅማጥ ከጀመረው ወዲያው ኦአርኤስ በጥብጡ። የአንድ ሊትሩ ከረጢት ሙሉው በ1 ሊትር ውኃ ይበጠበጣል። መለኪያ ከሌላችሁ የታጠበ ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ሞልታችሁ ጆግ ውስጥ ገልብጡ። ከረጢቱን በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ጨውን አብዝቶ ልጁን ይጎዳዋል፤ በሁለት ሊትር መበጥበጥ ጥቅሙን ያጠፋዋል። ስኳር አትጨምሩ፣ ከበጠበጣችሁት በኋላም አታፍሉት። ከ24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ለተማሪ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ስጡት፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከሆነ ዚንክም ይታዘዝለታል።

ምግብ አትከልክሉት። አፉ ስለሚቆስል በርበሬና ትኩስ ነገር ይጠላል፤ ምግብ መጥላቱ ግን አይደለም። ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት፣ በወተት ወይም በውኃ የላላ ገንፎ፣ እርጎ፣ አልጫ ሽሮ በፍትፍት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተፈጨ ዱባና ካሮት፣ ሙዝ፣ ፓፓያ። ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ጣል ስታደርጉበት ጉልበት ይሰጠዋል፤ ከዱባውና ከካሮቱ የሚገኘውን ቫይታሚን ኤ ሰውነቱ እንዲቀበለውም ይረዳል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚበላውን ስድስት ጊዜ ከፋፍላችሁ ስጡት። የሚጠባ ታናሽ ከታመመ ጡት አይቋረጥ፤ እንዲያውም ይደጋገም።

ኩፍኝ የሚበዛበት ወቅት ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ቤት ውስጥ ወተትና እንቁላል የማይገባበት ጊዜ ነው። የታመመ ልጅ ጾም አይያዝበትም፤ ልባችሁ ካመነታ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። በረመዳንም እንዲሁ ነው። ጠበል ለሚወስዱ ቤተሰቦችም አንድ ቃል፦ ልጁ የሚያስተላልፍባቸው ቀናት እስኪያልፉ ወደ ሕዝቡ መሀል አትውሰዱት፤ ጠበሉን በዕቃ አስመጡለት፣ የታዘዘለት መድኃኒትም ጎን ለጎን ይቀጥል።

ዓይንና አፍ

ዓይኑን በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ አጽዱ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ንጹሕ ጥጥ ነክራችሁ ጨምቁ። ከአፍንጫው በኩል ካለው ጥግ ወደ ውጭ አንድ ጊዜ ጥረጉና ጥጡን ጣሉት። ለሁለተኛው ጠረጋ ሌላ ጥጥ፣ ለሌላው ዓይንም ሌላ ጥጥ ያዙ። ውኃ የመሰለ እንባ ብቻ ከሆነ መድኃኒት አያስፈልገውም። አይናሩ መግል ከሆነ፣ ሲነቃ ሽፋሽፍቱ ከተጣበቀ፣ ባለሙያ ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ያዝለታል። የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ቅባት በውስጠኛው ገጽ ላይ አድርጉ፤ የቱቦው ጫፍ ዓይኑን እንዳይነካ። የእናት ጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ኩል አትጨምሩበት። ዴክሳሜታዞን ያለበት የዓይን ጠብታም ያለ ትእዛዝ አይገዛ፤ መቅላቱን ይሸፍንና ቁስሉን ያባብሳል።

አፉን በጨው ውኃ ያጉመጥምጥ፤ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ በቀን አራት ጊዜ፣ በተለይ ከምግብ በኋላ። ትንሽ ልጅ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ በጣት ጠቅልላችሁ በዚሁ ውኃ ጥረጉለት። ቁስል ካለው ባለሙያ 0.25 በመቶ የቀጠነ ጄንሽን ቫዮሌት ሊያዝ ይችላል፤ ያልቀጠነው አፍን ያቃጥላል።

ትንፋሹን ቁጠሩ

በኩፍኝ ብዙ ልጆችን የሚገድለው የሳንባ ምች ነው፤ ለመለየት ደግሞ ከስልክ በስተቀር ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠዋትና ማታ፣ ልጁ ሳያለቅስ፣ ቢቻል ተኝቶ ሳለ ቁጠሩ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ግለጡት። ስልካችሁ ላይ 60 ሰከንድ ሙሉ። ሆዱና ደረቱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ በሉ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ስህተት ያመጣል፤ የልጅ ትንፋሽ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ይላል። ቁጥሩን ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ጻፉ።

ከ5 ዓመት በላይ ላለው 30 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር ላለው 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል። ትኩሳት በራሱ ትንፋሽን ስለሚያፈጥን፣ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቆጠራውን ድገሙት። አሁንም ከፍ ካለ ሳታሳድሩ ጤና ጣቢያ።

ቁጥሩን ትታችሁ በቀጥታ የምትሮጡበት ጊዜም አለ። ትንፋሽ ሲስብ ከጎድኑ በታች ያለው ክፍል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፤ ዝም ብሎ ተቀምጦም ሲተነፍስ ሻካራ ድምፅ ካሰማ፤ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ፤ መጠጣት ካቃተው ወይም የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፤ ካንዘፈዘፈው፤ ስትጠሩት ካልነቃ ወይም መቀባጠር ከጀመረ፤ የዓይኑ ብሌን ጉም የለበሰ ከመሰለ፤ የአፉ ቁስል ጥልቅ ሆኖ ምራቁን እንኳ መዋጥ ካልቻለ፤ ወይም ዓይኑ ጎድጉዶ ሽንቱ ከቀነሰ። ከነዚህ አንዱ ብቻ ይበቃል። ከተማ ውስጥ ያላችሁ ሪፈር ወረቀት እስኪጻፍ ሳትጠብቁ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከከተማ ውጭ ያላችሁ ቅርብ የሆነው ጤና ጣቢያ መጀመሪያ እርዳታ ሰጥቶ በአምቡላንስ ይላካችሁ። አንጎልን የሚነካው ዓይነት ከ1,000 በሽተኞች በ1ዱ ገደማ የሚደርስ ቢሆንም፣ ሲመጣ ፈጥኖ ነው።

ጆሮውን የሚጎትት፣ የሚያለቅስ ወይም ከጆሮው መግል የሚወርድ ልጅም ይታያል፤ ከ10 ልጆች 1ዱን ያህል ያጋጥመዋል። ይህ ድንገተኛ ባይሆንም ችላ ከተባለ መስማትን ይጎዳልና በማግስቱ ያሳዩት።

ቤት ያሉ ሌሎች ልጆች

አንዱ ሲታመም ሌሎቹን «ይዳኑ» ብሎ ገጠር አያታቸው ጋ መላክ በፍቅር የሚደረግ ትልቅ ስህተት ነው። አብረውት የተኙት ልጆች ሽፍታው ከመታየቱ በፊት ባሉት 4 ቀናት ውስጥ ተይዘው ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሽፍታ እስኪያወጣ 2 ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ እስከ 21 ቀንም ሊዘገይ ይችላል። ደህና መስሎ የሄደው ልጅ ጤና ጣቢያ የሌለበት ቀበሌ ውስጥ ይታመማል፤ ያልተከተቡትን የአጎት ልጆችም ይዞ ይወድቃል።

ትክክለኛው መንገድ ካርዳቸውን ይዞ መከተብ ነው። ከበሽተኛው ጋር ከተገናኙ በ72 ሰዓት ውስጥ የተሰጠ ክትባት በሽታውን ሊከለክል ወይም ሊያቀልለው ይችላል። በመደበኛው ፕሮግራም የመጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል፤ በነፃ። ሁለተኛው በአገራችን የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ ቀደም 15 ወር ያለፋቸው ልጆች ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ክትባት ብቻ ነው የሚገኘው። እነዚህ ልጆች ዛሬ ክፍል ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ናቸው። «ተከትቧል» ከማለታችሁ በፊት ስንት ጊዜ እንደሆነ እዩ። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ሕፃን በወረርሽኝ ጊዜ ተጨማሪ መጠን ሊሰጠው ይችላል፤ የ9 ወሩና የ15 ወሩ ግን አይቀርለትም። ነፍሰ ጡር ይህን ክትባት አትወስድም። ከበሽተኛው ጋር ከተገናኘች ወዲያው ለሐኪሟ ትንገር።

ለመምህራን

ክፍል ውስጥ ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ልጅ ስታዩ ቢሮ አግዳሚ ላይ ከሌሎች ጋር አታስቀምጡት፤ ውጭ ጥላ ሥር አስቀምጡትና ወላጁን ጥሩ። መስኮቶቹን ሁሉ ክፈቱ፤ በክፍሉ ለ2 ሰዓት ባትጠቀሙበት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። አብረውት በአንድ ወንበር የተቀመጡትንና የክፍሉን ልጆች ስም ጻፉ። አምስት እስኪሞሉ አትጠብቁ፤ አንዱን ልጅ እንኳ በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ለጤና ጣቢያው አሳውቁ። በነፃ የስልክ መስመር 8335 ማሳወቅም ይቻላል።

ልጁ የሚመለሰው ሽፍታው ከወጣ 4 ሙሉ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ብዙዎቹ በዚያ ቀን ገና ስለሚደክሙ ሌላ ሳምንት መቆየት ይሻላቸዋል፤ በቀሪ አትቅጡት፣ ያመለጠውን ፈተናም ስጡት። ቆዳው ጠቁሮ እንደ ገለባ ሲቀረፈፍ ብታዩ የመዳን ምልክት ነው፣ አያስተላልፍም። ጓደኞቹ እንዳይሸሹት ይህን ለክፍሉ ንገሩት። ኤችአይቪ በደሙ ያለ ወይም ሌላ የመከላከል አቅም ማነስ ያለበት ልጅ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ሊያስተላልፍ ስለሚችል መመለሻ ቀኑን ሐኪሙ ይወስናል።

ከዳነ በኋላ ያሉት ሳምንታት

ኩፍኝ ከሄደ በኋላም የልጁ በሽታ የመከላከል አቅም ለወራት ደክሞ ይቆያል፤ ሰውነቱ ቀድሞ ያወቃቸውን ጀርሞች ሳይቀር ይረሳል። ስለዚህ ቢያንስ ለ2 ሳምንት በቀን አንድ ምግብ ጨምሩለት። በ2ኛው ሳምንት መጨረሻ መልሳችሁ አስመዝኑት። ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ካልጨመረ ባለሙያው ያየዋል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ታናሽ ከሆነ የክንዱ ዙሪያ ይለካል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በአስቸኳይ የምግብ ሕክምና ይጀመርለታል። ሳሉ ከ2 ሳምንት ካለፈ የቲቢ ምርመራ ጠይቁ፤ ኩፍኝ ተደብቆ የነበረ ቲቢን ሊቀሰቅስ ይችላል።

ማታ ማየት ቢያዳግተው፣ በምሽት ዕቃ እየመታው ቢሄድ፣ የቫይታሚን ኤ ጉድለት ምልክት ነውና ሦስተኛው መጠን ሳይሰጠው አይቅር። ክትባቱን በተመለከተ ደግሞ «አንዴ ይዞታል፣ ምን ያደርግለታል» አትበሉ። ደሙ ካልተመረመረ የያዘው ኩፍኝ መሆኑ እርግጠኛ አይደለም፤ ቀድሞ የታመመ ልጅ ቢከተብም ጉዳት የለውም። ካርዱ ከጠፋ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ይከተብ፤ አዲሱ ካርድ ላይም ቀኑ መጻፉን ከክፍሉ ሳትወጡ አረጋግጡ።